ጣና ያለበት የጣሊያን ዘመን ቴምብር ጨረታ ላይ አገኘሁ፣ ማህተሙን ግን እዩልኝ

የጣና_ዳር (ባህር ዳር)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር አብራችሁኝ እዩልኝማ። ሰሞኑን ማታ ማታ መብራት ሲኖር የኦንላይን ጨረታ ላይ የድሮ ቴምብር ማየት ለምዶብኛል፣ ትናንት ስዞር ስዞር አንድ ነገር ወጣልኝ። ጣሊያን እ.ኤ.አ በ1938 ለምስራቅ አፍሪካ ግዛቴ ብሎ ካሳተማቸው የአየር መልእክት ቴምብሮች አንዱ ነው። እዛ ሴት (አንድ ላይ የወጡት ቴምብሮች ስብስብ) ላይ ያሉት ስእሎች አራት አይነት ናቸው፣ አንዱ አውሮፕላን ተራራ ላይ ሲበር፣ አንዱ ገደል ላይ የተጠረበ የሙሶሊኒ ፊት (ወይ ጉድ)፣ አንዱ ንስር፣ አራተኛው ደግሞ አውሮፕላን ሐይቅ ላይ ሲያልፍ ሲሆን ሐይቁ ማን መሰላችሁ፣ የኛው ጣና!

ሻጩ "ጎንደር ላይ የተመታ፣ ብርቅ" ብሎ መነሻውን 45 ዩሮ አድርጎታል። ያው ቴምብር ማህተም ሳይመታበት ሌላ ቦታ በጣም በርካሽ አይቼዋለሁ። ክፍያውን ሮም ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኛለች፣ እሷ ግን "ለአንድ ቁራጭ ወረቀት?" ብላ እየሳቀችብኝ ነው። ጨረታው እሁድ ማታ ያልቃል። ፎቶው ላይ ማህተሙ ቀኝ ጥጉን ብቻ ነው የያዘው፣ ጎንደር የሚለው ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ ቀኑ 12.12.38 ከሱ ቀጥሎ የሮማን ቁጥር 16። ልግባ ወይስ ልተው?

ሽንብጥ_ሰፈር

አንተየዋ 45 ዩሮ ይዘህ ወደብ ብትወርድ ጀልባ ተከራይተህ ሙሉ ቀን ጣናን ታየዋለህ፣ ክብራን ገብርኤል ደርሰህ ዘጌ ላይ ቡና ጠጥተህ ትመለሳለህ። ቀልዴን ነው ግን እስኪ የቴምብሩን ፎቶ ለጥፈው፣ ጣናን እንዴት አድርገው እንደሳሉት ለማየት ጓጓሁ

ቦስታ_1902

የጣና ዳር፣ ጥሩ አደረግህ ሳትገባ መጠየቅህ። በመጀመሪያ ይሄ የዋጋ ነገር ይግባህ፣ ብዙ ጀማሪ የሚቃጠልበት እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

በሌላው አገር ቴምብር አብዛኛውን ጊዜ ያልተመታው ነው ውዱ፣ የተመታው ርካሽ። የጣሊያን ቅኝ ግዛት ቴምብሮች በተለይ የ1930ዎቹ ግን ብዙዎቹ ተቃራኒ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ጣሊያን እነዚህን ቴምብሮች ያሳተመው ለደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ለሰብሳቢም ጭምር ነበር፣ ሮም ላይ ቁጭ ብለህ ሙሉ ሴቱን ከነሙጫው ትገዛለህ፣ ስለዚህ ያልተመታው እስከዛሬ ሞልቷል። እዚህ አገር መጥቶ በእውነት ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ፣ ጎንደር ወይ ደሴ ወይ አዲስ አበባ ፖስታ ቤት ተመቶ የተረፈው ግን ትንሽ ነው። ካታሎጎቹም (የቴምብር ዋጋ የሚዘረዝሩት መጻሕፍት) ለዚህ ነው ለተመታው ከፍ ያለ ዋጋ የሚጽፉት።

አሁን እንደ ሌባ አስብ። እጅህ ላይ ርካሽ ያልተመታ ቴምብር አለ፣ ማህተም ቢኖርበት ዋጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ምን ታደርጋለህ? ማህተም ታስቀርጽና ትመታበታለህ። ከጨረታው ላይ የምትገዛው ስእሉን አይደለም ማለት ነው፣ የምትገዛው ማህተሙን ነው፣ እና የሚጭበረበረውም እሱው ነው። ስለ ቀኑ ቆይቼ እጽፋለሁ አሁን ስራ ላይ ነኝ። እስከዛ ሻጩን የጀርባውን ፎቶ ጠይቀው።

የአርበኛ_ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና እዚህ መድረክ ላይ "የቅኝ ግዛት ቴምብር" እያላችሁ ስታወሩ ደስ አይለኝም። ኢትዮጵያ መቼ ነው ቅኝ የተገዛችው? አምስት አመት በወረራ ተይዛለች፣ በነዚያ አምስት አመታትም ጎጃም አንድ ቀን ሳይተኛ ነው የተዋጋው። ሙሶሊኒ ፊቱን ገደል ላይ አስጠርቦ ያንን ቴምብር አድርጎ ሲልክ እኛ ዛሬ በዩሮ እንግዛው? ምኒልክ ያሳተሙት ቴምብር እያለ?

የጣና_ዳር (ባህር ዳር)

ጋሼ ንዴትዎ ይገባኛል፣ በእውነት። "የቅኝ ግዛት" የሚለው ካታሎግ ላይ ያለው ክፍል ስም ነው እንጂ እኔም ቅኝ ተገዝተናል እያልኩ አይደለም። የሙሶሊኒ ፊት ያለበትንም አልፈልገውም፣ በነጻም ቢሰጡኝ። ጣና ያለበትን ግን የፈለግሁት ለሌላ ነገር ነው።

እነሱ ጣናን ቴምብር ላይ ያደረጉት እንዲሁ አምሮባቸው አይደለም እኮ። እ.ኤ.አ በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን እኛን ሳይጠይቁ በደብዳቤ ተስማምተው ነበር፣ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሰራ ጣሊያን ይደግፋል፣ እንግሊዝ ደግሞ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ባቡር እንዲዘረጋ ትደግፋለች፣ በእኛ መሬት ላይ ማለት ነው። ራስ ተፈሪ (በኋላ ጃንሆይ) በ1926 ለመንግስታት ማህበር አቤት ብለው ጩኸቱ ሲበዛ ሁለቱም "ማስገደድ አልፈለግንም" ብለው ወደኋላ አሉ። አስር አመት ሳይሞላ ጣሊያን በጦር መጣ፣ ሁለት አመት ቆይቶ ሐይቁን በአውሮፕላን አስጊጦ ቴምብር ላይ አተመው። እኔ ይሄንን ወረቀት እንደ ማስረጃ ነው የማየው፣ ልጆቼ "ጣና ላይ ማን አይኑን ጥሎ ነበር" ሲሉኝ የማሳያቸው።

የአርበኛ_ልጅ

እንደሱ ከሆነ እሺ። የሙሶሊኒውን ግን አትግዛ ብዬሃለሁ።

ቦስታ_1902

እሺ ተመለስኩ። ቀኑ።

ፋሺስቶቹ የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር ነበራቸው። ሙሶሊኒ ሮም ገብቶ ስልጣን ከያዘበት ከኦክቶበር 1922 መጨረሻ ይጀምራል፣ አመቱ የሚቀየረውም በየአመቱ በዛው በኦክቶበር መጨረሻ ነው፣ ጃንዋሪ ላይ አይደለም። የዛን ጊዜ ብዙ የጣሊያን ፖስታ ማህተሞች ላይ ከተለመደው ቀን ጎን ይሄ የፋሺስት አመት በሮማን ቁጥር ይገባል።

አሁን ቁጠር። ኦክቶበር 1922 እስከ ኦክቶበር 1923 አንደኛ አመት። እንዲህ እያልክ ስትሄድ ከኦክቶበር 1937 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1938 መጨረሻ 16ኛ አመት ይሆናል። ካንተ ቴምብር ላይ ያለው ቀን 12.12.38 ነው፣ ዲሴምበር። ዲሴምበር 1938 ደግሞ 17ኛ አመት ከገባ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል። 16 ምን ሊሰራ እዛ ተገኘ?

ማህተሙን የቀረጸው ሰውዬ 1938 ማለት 16 ነው ብሎ ካንድ ቦታ ቀድቶ ጨርሶታል፣ አመቱ መሃል ላይ እንደሚቀየር አላወቀም። ይሄ ነው የኔ ግምት።

ዓባይ_ማዶ

ኧረ ገዴ! ይሄን ማን ያየዋል በናታችሁ 😂 እኔ ቢሆን ጎንደር የሚለውን ብቻ አይቼ እገባ ነበር

አደራ_ደብዳቤ

ቦስታ ያልከው ልክ ነው ግን ትንሽ ላክልበት፣ እኔ ፖስታ ቤት ረጅም ጊዜ የሰራሁ ሰው ነኝና ማህተም የሚመታ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። የማህተሙ ቀን የሚቀየረው በእጅ ነው፣ ትንንሽ የብረት ቁጥሮች ናቸው፣ ቀኑን በየጠዋቱ ትቀይራለህ፣ አመቱን ግን በአመት አንዴ ስለሆነ ይረሳል። እኛም ጋ አዲስ አመት ገብቶ የድሮው አመት ለቀናት ሲመታ አይቻለሁ። ስለዚህ የአመት ስህተት ብቻውን ማህተሙን ሐሰት አያደርገውም፣ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ዲሴምበር 12 ድረስ ሳያዩት ይቆያሉ ወይ ነው ጥያቄው፣ ከባድ ነው ግን አይቻልም አልልም።

እኔ ከቀኑ ይልቅ ሌላ ነገር ነው የማየው። ስራ ላይ ያለ ሰው ሲመታ ቸኩሎ ነው፣ ደብዳቤ ተከምሮ ይጠብቀዋል፣ ማህተሙ ተንሸራቶ ግማሹ ቴምብሩ ላይ ግማሹ ፖስታው ላይ ያርፋል፣ አንዱ ጎን ይደምቃል ሌላው ይደበዝዛል፣ ቀለሙ አንዳንዴ ይዘረጋል። ጥጉን ብቻ ነክቶ፣ ስእሉን ሳያበላሽ፣ ስሙና ቀኑ ተሟልቶ የሚነበብ ንጹህ ማህተም ስታይ ያንን የመታው ሰው ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ለሰብሳቢ ደስ እንዲለው ፖስታ ቤት ሄዶ ቀስ ብሎ የሚያስመታ ነበር፣ እሱ ሐሰት አይባልም ግን ደብዳቤ ላይም አልሄደም።

ጀርባውን ጠይቀው የተባለው ደግሞ በጣም ትክክል ነው። ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ የሄደ ቴምብር ከፖስታው የሚነሳው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው፣ ሙጫው አብሮ ይሄዳል። ከፊቱ ተመቶ ከጀርባው ሙጫው ያብረቀርቅ ከሆነ ያ ቴምብር ፖስታ ላይ አልተለጠፈም።

የጣና_ዳር (ባህር ዳር)

ይሄን ሁሉ ሰምቼ የሻጩን ሌሎች ሎቶች (ለጨረታ ያቀረባቸውን) ከፈትኩ። ሌላ አራት ቴምብር አለው ከዛው ሴት፣ ሁሉም ጎንደር፣ ሁሉም 12.12.38፣ ሁሉም ቀኝ ጥግ ላይ!! አንዱ ላይማ የጎንደር "ን" ላይ ያለችው ትንሽ ስብራት ቁጭ እኔ ቴምብር ላይ እንዳለችው ናት። መልእክት ጽፌለታለሁ የጀርባ ፎቶ ላክ ብዬ።

ቸርችል_ጎዳና (አ.አ)

ስለ ማህተሙ ወንድሞቼ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ጨረታው ልበል። የጣና ዳር፣ ለጣና ያለበት ቴምብር ስትል ብቻ አንድ ሻጭ ላይ አትንጠልጠል። ኢቤይና ዴልካምፕ የሚባሉት የጨረታ ድረገጾች ላይ በየሳምንቱ ይወጣል፣ ጣሊያኖች ራሳቸው ናቸው በብዛት የሚሸጡት፣ የአያታቸው አልበም ሲከፈት።

ደግሞ ስትገባ እንዲህ አድርጊ ብለው ያስተማሩኝ አለ። ከፍተኛህን ዋጋ አንዴ ጻፍ፣ 20 ዩሮ ከሆነ 20። ሲስተሙ 20ውን ለማንም አያሳይም፣ ሌላ ሰው ሲገባ ብቻ በአንድ እርከን እየበለጠ ይሄድልሃል፣ ማንም ካልገባ በመነሻው ትወስዳለህ። ሰው የሚከስረው በየደቂቃው እየገባ 2 ዩሮ 2 ዩሮ ሲጨምር ነው፣ እልህ ይይዘዋል በቃ። አንዳንዱ መጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ጠብቆ ይገባል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ባህር ዳር ኔትወርክ ይዘህ ሰከንድ መጠበቅ አልመክርህም 😄

አንዲት ሌላ ነገር፣ መነሻው 1 ዩሮ ሆኖ ዋጋው ቶሎ ቶሎ እየወጣ፣ የሚያወጣው ሰው ደግሞ እዛ ሻጭ ላይ ብቻ የሚጫረት ከሆነ ተጠንቀቅ፣ የሻጩ ሰው ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹ የጨረታ ቤቶች ጋ ደግሞ መዶሻ ያረፈበት ዋጋ የምትከፍለው አይደለም፣ ከላዩ የገዢ ኮሚሽን አለ፣ 20 በመቶ ወይም ከዛ በላይ፣ ከዛ የፖስታ፣ ከዛ የአደራ ደብዳቤ። ለርካሽ ቴምብር ፖስታው ከቴምብሩ ይበልጥብሃል። ስለዚህ ከአንድ ሻጭ ብዙ ሰብስብና አንዴ አስልክ።

አዲስ አበባ ከመጣህ ዋናው ፖስታ ቤት ጋ ያለውን የፖስታ ሙዚየም እይ፣ ከምኒልክ ጀምሮ አለ።

ፋሲሎ_ልጅ

እኔ ጀማሪ ነኝ፣ የዚህን አካባቢ የቅኝ ዘመን ቴምብር ልሰብስብ ብል ከየት ልጀምር? በጀቴ ትንሽ ነው

ቦስታ_1902

ፋሲሎ፣ በጀትህ ትንሽ ከሆነ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ምክንያቱም በዙሪያችን ያለው ታሪክ ርካሹም ላይ አለ።

ከኦቦክ ጀምር ብዬ እመክርሃለሁ፣ ፈረንሳይ ጅቡቲን ከመያዟ በፊት የተቀመጠችባት ወደብ ናት። የ1894ቱን ፈልግ (የምጠራቸው አመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ ናቸው)። ጥርስ (ዳሩ ላይ ያለው የተበሳሳ ጠርዝ) ያለው ቴምብር ይመስልሃል፣ ጠጋ ብለህ ስታየው ግን ጥርሱ ስእል ነው! ዙሪያውን ጥርስ የሚመስል መስመር አትመውበት፣ ወረቀቱ በመቀስ ነው የሚቆረጠው። ባለ ሶስት ማእዘንም አላቸው፣ ግመል ያለበት። ላያቸው ላይ ትልቅ ዋጋ የተጻፈባቸው ውድ ናቸው ትንንሾቹ ግን ይቻላሉ።

ከዛ ኤርትራ፣ ጣሊያን በ1890ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ቴምብር ወስዶ በላዩ "ኮሎኒያ ኤሪትሪያ" ብሎ አተመበት። የመጀመሪያዎቹ በጣም ውድ ናቸው፣ ሐሰቱም ብዙ ነው፣ ለጀማሪ አይሆኑም። ሶማሊያ ጋ የቤናዲር 1903 አለ፣ ዝሆንና አንበሳ፣ ዋጋው በቤሳና በአና በሚባል የዛን ጊዜ ገንዘብ የተጻፈ፣ እሱ ያምራል። እንግሊዝ ጣሊያንን ካባረረ በኋላ ደግሞ የንጉሱ የጆርጅ 6ኛ ቴምብር ላይ ኤም.ኢ.ኤፍ (የመካከለኛው ምስራቅ ጦር) ብሎ አትሞ ኤርትራ ውስጥ ተጠቅሞበታል፣ ከ1942 ጀምሮ፣ የአስመራ ማህተም ያለበት በርካሽ ታገኛለህ።

ለኛ አገር የወረራው ዘመን፣ በ1936 የንጉሳቸው የቪክቶር ኢማኑኤል ፊት ያለበትና "ኢትዮጵያ" ብሎ በላቲን የተጻፈበት ሰባት ቴምብር ወጣ፣ ከዛ በ1938 ይሄ የምስራቅ አፍሪካው። አንድ የማስቅህ ደግሞ አለ፣ በ1941 ሂትለርና ሙሶሊኒን ጎን ለጎን አድርገው "ሁለት ህዝብ አንድ ጦርነት" የሚል ለዚሁ ግዛታቸው አተሙ። ቴምብሩ ሲወጣ አዲስ አበባ ከእጃቸው ወጥታ ጃንሆይም ገብተው ነበር። የሚለጠፍበት አገር የሌለው ቴምብር! ታዲያ "አዲስ አበባ የተመታ" እያለ የሚሸጥልህ አይጠፋም፣ ዝም ብለህ እለፈው።

የአርበኛ_ልጅ

ይሄንንስ ብገዛው አልጠላም ሃሃ። ግን ምኒልክንም ንገረው እንጂ ልጁን።

ቦስታ_1902

ልክ ነዎት ጋሼ። የምኒልክ የመጀመሪያዎቹ 1894 ናቸው፣ ፓሪስ የታተሙ፣ ሰባት ናቸው፣ ትንንሾቹ ዋጋ ላይ ምኒልክ ትልልቆቹ ላይ አንበሳ፣ ከሩብ እስከ 16 ግርሽ። አድዋ ገና ሳይሆን ማለት ነው፣ ጣሊያን "የኔ ጥገኛ ናት" እያለ በሚያወራበት ጊዜ የራሳቸውን ቴምብር አውጥተዋል። እዚህም ያው ነገር ነው፣ ያልተመታው ሴት ርካሽ ነው ምክንያቱም ብዙ ተርፎ ለሰብሳቢ ተሽጧል፣ ደብዳቤ ላይ የሄደ ስታገኝ ነው ልብህ የሚመታው። እስከ 1908 የአለም የፖስታ ህብረት አባል ስላልነበርን ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የኛን ቴምብር ብቻ ይዞ አያልፍም፣ ጅቡቲ ሲደርስ ፈረንሳይ ለዛ ግዛቷ ያሳተመችው ቴምብር ይጨመርበታል። ሁለቱም ያለበት ፖስታ ጨረታ ላይ ሲወጣ እኛ አይነቱ ሰው ከንፈሩን መጦ ነው የሚያልፈው። የኔ ስም የመጣበት የ1902ቱ ቦስታ የሚለው በላዩ የተመታበትም አለ፣ እሱ ሐሰቱ ከእውነተኛው የበዛ ስለሆነ ያለ ባለሙያ ማረጋገጫ ወረቀት እንዳትነካው።

ሽንብጥ_ሰፈር

ጣና ያለበት የራሳችን ቴምብር የለም እንዴ?

ቸርችል_ጎዳና (አ.አ)

አለ እንጂ! እ.ኤ.አ የ1947ቱ የአገር እይታ ሴት ላይ ጣናም አለ፣ ጣና ላይ ታንኳ ያለበትም ለብቻው አለ፣ የዓባይ ድልድይም ጭምር። የጣና ዳር ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው፣ የነሱ አውሮፕላን ከላይ ሲያልፍ የኛ ሰው ታንኳ ላይ ሆኖ። እኔ ብሆን አልበሜን እንደሱ ነበር የምጀምረው

አደራ_ደብዳቤ

ባህር ዳር ስለሆንክ አንድ ነገር ሳልረሳው። ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት ሙጫ ላለው ቴምብር ጠላት ነው። ያልተመታ ከነሙጫው ከገዛህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አልበሙ ውስጥ ተጣብቆ ታገኘዋለህ፣ ስታላቅቀው ይቀደዳል። አልበሙን አታስተኛው፣ እንደ መጽሐፍ አቁመው፣ ከላይ ነገር አትጫንበት፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት ሰብስበህ መሳቢያው ውስጥ ጣል። ፕላስቲክ ውስጥ አትጠቅልለው፣ ላቡን ያፍነዋል። በላስቲክ ማጣበቂያማ የሚለጥፍ ሰው አይቻለሁ እግዜር ይይለት።

የጣና_ዳር (ባህር ዳር)

ሻጩ መለሰ። የጀርባውን ፎቶ ልኳል፣ ሙጫው ድፍን አድርጎ ያብረቀርቃል፣ የተነካካ እንኳን አይመስልም። ቀኑንና ቁጥሩን ጠቅሼ ስጠይቀው "እንዳለ ነው የምሸጠው፣ ባለሙያ አይደለሁም፣ መመለስ የለም" አለኝ። አራቱ ሎቶች ላይ ሰው ገብቶባቸዋል፣ አንዱ 60 አልፏል፣ ምን ልበል።

እኔ ተውኩት። ሌላ ሻጭ ጋ ያልተመታውን፣ ጣና ያለባቸውን ሁለት ቴምብሮች በትንሽ ብር አገኘሁ፣ ከሱው ጋ ደግሞ የአስመራ ማህተም ያለባቸው ኤም.ኢ.ኤፎች ስላሉ ፖስታው አንድ እንዲሆን ጨመርኩ። የአክስቴ ልጅ ከፍላለች፣ አሁንም እየሳቀች ነው። የታንኳውን ማን ጋ ላግኝ? ቸርችል፣ አንቺ ጋ ትርፍ አለ?

ቸርችል_ጎዳና (አ.አ)

የተመታ አለኝ፣ ጥርሱ አንድ ጎን ትንሽ ጎድሏል። በኤም.ኢ.ኤፍ እንለዋወጥ፣ ፖስታ ሳጥን ቁጥርህን በውስጥ ላክልኝ።

ፋሲሎ_ልጅ

እኔም ትርፍ ካለ ወረፋ ይያዝልኝ በናትሽ